በእጅ የሚታይ ዜማ

ፊደል የቆጠረ ሰው የመጀመሪያውን ቀን አይረሳም። ጣቱን ፊደሉ ላይ አድርጎ፣ ድምፁን አውጥቶ ሲጠራው፣ ያ ዝም ብሎ የተጫረ የሚመስል ነገር ድንገት አፍ አውጥቶ ይናገራል።

ዜማም ፊደል አለው። ስሙ ኖታ ይባላል። ኖታ ማለት ድምፅ መቼ ከፍ እንደሚል፣ መቼ ዝቅ እንደሚል፣ መቼ እንደሚረዝምና እንደሚያጥር በወረቀት ላይ የሚያሳይ ምልክት ነው። ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ደብተሮች የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚያነቡት ከቃሉ በላይ በተጻፉ ትንንሽ ፊደሎችና ምልክቶች ነው። ግን ስንቱ ሰው ያነበዋል? ብዙ ዓመት የተማረ ብቻ። በሌላውም አገር እንደዚሁ ነበር። ዘፈኑ የሁሉም ነው፤ የዘፈኑ ፊደል ግን የጥቂቶች።

ዛሬ የምናወራላችሁ ይህ ነገር ስላሳሰበው አንድ ተማሪ ነው። ስሙ ዞልታን ኮዳይ ይባላል። አገሩ ሀንጋሪ ነው፤ በአውሮፓ መካከል ይገኛል። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።

ኮዳይ የተወለደው በ1882 ነው። አባቱ የባቡር ጣቢያ ሹም ስለነበረ ቤተሰቡ ከቦታ ቦታ ይዘዋወር ነበር። ልጁ ትምህርት የጀመረው ጋላንታ በምትባል ቦታ ነው። ጋላንታ ዛሬ በስሎቫኪያ ውስጥ ናት። እዚያ አብረውት የተማሩት የድሆች ልጆች በባዶ እግራቸው ይመጡ ነበር። እነሱ የሚዘፍኑትን እሱም ይዘፍናል። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ሌላ ሙዚቃ አለ። አባቱ ቫዮሊን ይጫወታል፤ እናቱ ፒያኖ። አንድ ጊዜ ለቤቱ ጨዋታ ቼሎ የሚባለውን ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ የሚጫወት ሰው ጠፋ። ልጁ ምን አደረገ? ራሱ ተማረውና ቦታውን ያዘ!

በ1900 ወደ ዋናው ከተማ ወደ ቡዳፔስት መጣ። በአንድ በኩል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ይማራል። በሌላ በኩል በከፍተኛው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ዜማ መድረስ ይማራል። ግን አንድ ነገር ይከነክነው ጀመር። የዜማ ድርሰት መምህሩ የሚያስተምረው በጀርመንኛ ነው። የሚጠናውም ዜማ አብዛኛው የጀርመን ነው። ታዲያ የነዚያ የጋላንታ ልጆች ዘፈን የት ገባ? የገበሬን ዘፈን ከቁም ነገር የሚቆጥር የተማረ ሰው ጥቂት ነበር።

በ1905 ኮዳይ ወደዚያው ወደ ልጅነት አገሩ ተመለሰ። ከመንደር ወደ መንደር እየሄደ ሰዎች ሲዘፍኑ እያዳመጠ የሰማውን በኖታ ጻፈ። በኋላም ድምፅ በሰም ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ይዞ ይሄድ ነበር። እስቲ አስቡት፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው እሱ ነው፣ መምህሮቹ ግን የመንደር ሰዎች ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ስለ ሕዝብ ዘፈን አሠራር ጽፎ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። በዚያው ዓመት ከጓደኛው ከቤላ ባርቶክ ጋር ሆኖ 20 የሕዝብ ዘፈኖች አሳተመ። መጽሐፉ ለብዙ ዓመት ገዢ አጣ። እሱ ግን ሥራውን አልተወም። በ1907 በተማረበት ትምህርት ቤት መምህር ሆነ።

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። ኮዳይ ገና ተማሪ ሳለ «የልጆች መምህር እሆናለሁ» ብሎ አልተነሣም። ለብዙ ጊዜ ያስተማረው ትልልቅ ተማሪዎችን ነው። ልጆቹ የመጡት ቆይተው ነው። በ1925 ለልጆች መዘምራን ዘፈን ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ልጆች ምን እንደሚዘፍኑ ይከታተል ጀመር። የሰማው አላስደሰተውም።

በ1929 አንድ ኃይለኛ ነገር ጻፈ። በአንዲት ትንሽ ከተማ ዘፈን የሚያስተምረው ማን እንደሆነ መታወቁ፣ የትልቁ ኦፔራ ቤት ኃላፊ ማን እንደሆነ ከመታወቁ ይበልጣል አለ። ለምን ቢባል፣ መጥፎ ኃላፊ ቶሎ ይነሣል። መጥፎ መምህር ግን ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ ከሠላሳ ክፍል ልጆች ልብ የሙዚቃን ፍቅር ያጠፋል። እኛም በዚህ ከሱ ጋር ነን። ፊደል ያስቆጠራችሁን ሰው አስታውሱ፤ የቱ ሹም ይበልጥባችኋል?

ታዲያ ልጅ ዜማ ማንበብ እንዴት ይማራል? ፒያኖ ውድ ነው፤ ለስንቱ ይዳረሳል? ድምፅ ግን ሁሉም አለው። ኮዳይ ከዚህ ጀመረ። እርግጥ ሁሉንም እሱ አልፈጠረውም። ድምፆችን በእጅ ምልክት ማሳየትን ያስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት የኖረው እንግሊዛዊ ሰባኪ ጆን ከርወን ነው። ከርወንም መሠረቱን ያገኘው ሣራ ግለቨር ከምትባል መምህርት ነው። ኮዳይና ባልደረቦቹ ይህን ወስደው ከአገራቸው ዘፈን ጋር አዋሐዱት።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። እጃችሁን ጨብጡና ከሆዳችሁ ፊት ለፊት ያዙ። ይህ ዶ ነው። ትንሽ ከፍ አድርጉና ጣቶቻችሁን ዘርግታችሁ ሽቅብ አዘንብሉ፤ ሬ ነው። አሁንም ከፍ አድርጉ። መዳፋችሁን ወደ መሬት አድርጋችሁ እንደ ጠረጴዛ አስተኙት፤ ሚ ነው። መዳፋችሁን ወደ ደረታችሁ መልሱ፣ አውራ ጣት ወደ ላይ፤ ሶል ነው። ከዚያም በላይ አንሡና እጃችሁን ከአንጓው ወደ ታች ልቀቁት፤ ላ ነው።

አያችሁ? እጅ ከፍ ሲል ድምፅም ከፍ ይላል። ልጁ ኖታ ከማየቱ በፊት ድምፁን በክንዱ ያውቀዋል። መጀመሪያ የሚሰጠው ሶልና ሚ ብቻ ነው። ልጆች በጨዋታ ሲጠራሩ የሚያወጡት ዜማ ዓይነት ነው። ሲለምደው ላ ይጨመርለታል፤ ቀስ እያለ ደግሞ ሬና ዶ።

አምስት ሆኑ። ብዙዎቹ የጥንት የሀንጋሪ ዘፈኖች የቆሙት በአምስት ድምፅ ነው። የእኛስ? ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም እያንዳንዳቸው የሚሠሩት በአምስት ድምፅ እኮ ነው! ትዝታ ሁለት ዓይነት ነው። አሁን በእጃችሁ ያሳያችኋቸው አምስቱ የአንደኛው ዓይነት ናቸው። ክራር የሚመታ ጎረቤት ካላችሁ በዚህ ቅኝት እንዲቃኝላችሁ ጠይቁት።

በ1950 ኮዳይ በተወለደባት በኬችኬሜት ከተማ ልጆች በየቀኑ ዘፈን የሚማሩበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያም በሌሎች ከተሞች ተከፈቱ። ኮዳይ በ1967 ሲሞት 84 ዓመቱ ነበር። በ2016 ዩኔስኮ የሕዝብን ዘፈን በዚህ መንገድ መጠበቅን በመልካም ምሳሌነት መዘገበው።

ለልጆች ከደረሳቸው መጻሕፍት አንዱ የታተመው በ1937 ነው። ሁለት ድምፅ ሆነው የሚዘፍኑበት መጽሐፍ ነው። መታሰቢያነቱን ለሹም ወይም ለባለጸጋ አልሰጠም። ጋላንታ አብረውት ለተማሩት፣ ለነዚያ ባዶ እግራቸውን ለነበሩት ጓደኞቹ ሰጠው።