ከካርቶን የሚወጣው የገና ዛፍ

ታኅሣሥ ሲጋመስ፣ መካነ ሰላም በሚገኘው የእናቴ ቤት ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠው ካርቶን ይወርዳል። ውስጡ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣ የፕላስቲክ ዛፍ አለ፤ ዕድሜው ከታናሽ እህቴ ይበልጣል። ሁለት ቅርንጫፎቹ በክር ታስረዋል። ጥጥ ጣል ጣል አድርገንበት በዓሉን ያደምቃል።

አምና «እማዬ፣ አዲስ ልግዛልሽ?» ብላት፣ «ይሄ ምን ሆነ?» አለችኝ። ሥራዬ አዲስ ዕቃ ማስተዋወቅ ነውና መልስ አጣሁ።

ሰው ሠራሽ ዛፍ በፕላስቲክ አልተጀመረም። በ19ኛው መቶ ዘመን የደን መመናመን ያሳሰባቸው ጀርመኖች፣ አረንጓዴ የተነከረ የዝይ ላባ በሽቦ ላይ ጠምጥመው ዛፍ ሠሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የአሉሚኒየም ዛፍ ገነነ፤ ኋላ ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ገበያውን ያዘ።

የጀርመኖቹ ስጋት ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከመካነ ሰላም ብዙ በማይርቀው የቦረና ሳይንት ፓርክ ጥድና አስታ ይበቅላሉ። ለሳምንት ጌጥ የሚቆረጥ ጥድ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ፕላስቲክ ደግሞ ቶሎ አይበሰብስም። ስለዚህ የሚጠቅመው በየዓመቱ ሳይቀየር ሲቆይ ነው።

እርስዎም የቆየ ዛፍ ካለዎት፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ አድርቀው፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ያስቀምጡት። አንዳንድ የቆዩ የፒቪሲ ዛፎች ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርባቸው ስለሚችል፣ ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱት ይጠንቀቁ፤ ከነኩት በኋላም እጅዎን ይታጠቡ። ሽቦው የተላጠ መብራት ግን ለትዝታ ተብሎ አይሰካም።

የእናቴ ዛፍ ዘንድሮም ይቆማል። እኔ የምገዛላት አዲስ መብራት ብቻ ነው።