ከአራስ ቤት እስከ ሽምግልና፦ የሰው ልጅ የዕድገት ደረጃዎች ዳሰሳ

የሰው ልጅ ከተወለደበት ዕለት አንሥቶ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በአካሉ፣ በአስተሳሰቡ፣ በስሜቱና ከሌሎች ጋር ባለው ግንኙነት የሚታዩበትን ለውጦች የሚመረምረው የዕውቀት ዘርፍ የዕድገት ሥነ ልቦና ይባላል። ዘርፉ ሲጀመር ትኩረቱ በልጅነት ላይ ነበር፤ ጉልምስናና እርጅናም የራሳቸው ዕድገት አላቸው የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሰደደው ከሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። ዕድሜን በደረጃ መክፈል የተለመደ ቢሆንም፣ አንዱን ደረጃ ከሌላው የሚለየውን ወሰን ያሰመረው ማን እንደሆነ እምብዛም አይጠየቅም። አካል፣ አእምሮ፣ ሕግና ማኅበረሰብ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መሥመር ያሰምራሉ፤ መሥመሮቹ የሚገጣጠሙት ግን አልፎ አልፎ ነው።

አማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ የልጅን ዕድገት ሲከፋፍል ዓመት ከመቁጠር ይልቅ ሥራውን ያያል። ሕፃኑ አንገቱ ይጸናል፣ ይቀመጣል፣ ይድሃል፣ ዳዴ ይላል፣ ድክ ድክ ይላል፣ አፉን ይፈታል፣ የወተት ጥርሱን ይነቅላል፤ ከዓመታት በኋላም ወንዱ ለአቅመ አዳም፣ ሴቷ ለአቅመ ሔዋን ደረሱ ይባላል። ከእነዚህ አነጋገሮች አንዱም ቁጥር የለበትም። በቁጥር የተወሰነው ወሰን የቤተ ክርስቲያን ነው፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ።

በሥራ መከፋፈሉ ከሳይንሱ ግኝት ብዙ የራቀ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የሕፃናት ዕድገት መለኪያ ሲዘጋጅ፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ የሚኖሩ ጤናማ ሕፃናት መቼ እንደሚቀመጡ፣ መቼ እንደሚድሁና መቼ እንደሚራመዱ ክትትል ተደርጎ ነበር። ውጤቱ እንዳመለከተው አንድ ጤናማ ሕፃን ያለ ድጋፍ የሚራመደው ከ8.2 ወር እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ይህም በፈጣኑና በዘገምተኛው መካከል ከዘጠኝ ወር በላይ ልዩነት ቢኖርም ሁለቱም ደኅና መሆናቸውን ያስረዳል። ከሕፃናቱም 4.3 በመቶ የሚሆኑት በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ነው የተራመዱት። ከመዳህ በቀር ክትትል የተደረገባቸውን ሌሎች አምስት ክንዋኔዎች ግን 90 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በተመሳሳይ ቅደም ተከተል አልፈዋል፤ ስለዚህ በጨቅላነት ዘመን የጸናው ነገር ተራው እንጂ ቀኑ አይደለም።

በዚህ ዘመን አካል የሚለወጥበት ፍጥነት በሌላ በየትኛውም የዕድሜ ክፍል አይደገምም። ሲወለድ ሦስት ኪሎ ግራም ከጥቂት የሚመዝን ሕፃን ዓመት ሲሞላው ክብደቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። በአናቱ ላይ ትር ትር የምትለው እርግብግቢት ሕፃኑ በሚወለድበት ጊዜ የራስ ቅሉ አጥንቶች ተጠጋግተው እንዲያልፉ፣ ከዚያም አንጎሉ እንዲሰፋ ቦታ የምትሰጥ ያልገጠመች ክፍተት ስትሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ትገጥማለች። ከአካሉ ጋር አብሮ የሚበቅለው ቁርኝት፣ ማለትም ሕፃኑ ከሚያሳድገው ሰው ጋር የሚፈጥረው የጸና የስሜት ትስስር ነው። የእንግሊዛዊው ሐኪም የጆን ቦልቢ ባልደረባ የነበረችው ሜሪ አይንስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በካምፓላ አካባቢ 26 ቤተሰቦችን እየተመላለሰች ስትከታተል፣ መዳህ የጀመረ ሕፃን ከእናቱ ራቅ ብሎ ሄዶ ዞር ብሎ እንደሚያያት፣ ከዚያም ተመልሶ ጉልበቷን እንደሚነካና እንደገና እንደሚሄድ መዘገበች። እናት ለሕፃኑ መመለሻ ያላት የአሰሳ መነሻ ናት የሚለው ሐሳብ በዚህ ምልከታ ዳበረ፤ ስሟ ሲነሣ በቅድሚያ የሚወሳው ግን በኋላ በባልቲሞር ያካሄደችው የቤተ ሙከራ ጥናት ነው።

የአስተሳሰብን ዕድገት በደረጃ የከፈለው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ (1896–1980) ነው። በእርሱ አከፋፈል ሕፃኑ እስከ ሁለት ዓመት ዓለምን በስሜት ሕዋሳቱና በእንቅስቃሴው ያውቃል፤ ከሁለት እስከ ሰባት በምልክትና በቃል ማሰብ ይጀምራል፤ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ በሚጨበጡ ነገሮች ላይ ምክንያታዊ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ረቂቅ ሐሳብን ያገላብጣል። የፒያዤ ጥበብ የታየው ግን በቀላል ሙከራዎቹ ነው። በሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች እኩል ውሃ ተቀድቶ ለአምስት ዓመት ልጅ ይታያል፤ ልጁም እኩል ነው ይላል። እዚያው ዓይኑ እያየ የአንዱ ውሃ ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ሲገለበጥ ግን በረጅሙ ውስጥ ያለው በዝቷል ብሎ ይከራከራል። ቁመቱ መጨመሩን እንጂ ስፋቱ መቀነሱን አብሮ አይመዝንም፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ያው ልጅ በጥያቄው ይስቃል። የዕድሜ ወሰኖቹ በኋላ ተነቅፈዋል። ፒያዤ ከዓይን የተሰወረ ነገር አሁንም መኖሩን ሕፃን የሚረዳው ከስምንት ወር ገደማ ጀምሮ ነው ሲል፣ እነ ረኔ ባያርዦን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ሙከራ የአምስት ወር ሕፃናት አንድ ሰሌዳ ከኋላው በተሰወረ ሣጥን ውስጥ ያለፈ ሲመስል፣ ሣጥኑ ጋ ደርሶ ከሚቆመው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ትክ ብለው ተመልክተውታል። ፒያዤ የጠበቀው ሕፃኑ እጁን ዘርግቶ እንዲፈልግ ነበር፤ ባያርዦን የጠየቀችው ዓይኑን ብቻ ነው። መለኪያው ሲለወጥ ወሰኑም ተለወጠ።

ዕድገትን ከልጅነት አሻግሮ እስከ እርጅና ያደረሰው እ.ኤ.አ. በ1950 ስለ ልጅነትና ስለ ማኅበረሰብ የጻፈው ኤሪክ ኤሪክሰን ሲሆን፣ ዕድሜን በስምንት ደረጃ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ሁለት ተቃራኒ ዝንባሌዎች የሚፋለሙበትን ፈተና ሰጠው። የሕፃኑ ፈተና በመተማመንና ባለመተማመን፣ የጎረምሳው ማንነትን በማግኘትና በመደናገር፣ የጎልማሳው ለተተኪ ትውልድ በመትጋትና ባሉበት በመቅረት፣ የአረጋዊው ሕይወቱን እንዳለች በመቀበልና በጸጸት ተስፋ በመቁረጥ መካከል ነው።

ከሁሉም ወሰን ይልቅ የሚያከራክረው የልጅነት ማብቂያ ነው። አካል መሥመሩን ያሰምራል፤ የጉርምስና ለውጥ በሴቶች ከ8 እስከ 13፣ በወንዶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። አንጎል ግን ይዘገያል፤ ዕቅድንና ራስን መግታትን የሚመራው የፊተኛው ክፍል ብስለቱን የሚጨርሰው በሃያዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው። አሜሪካዊው ስታንሊ ሆል እ.ኤ.አ. በ1904 ጉርምስናን ራሱን የቻለ የነውጥ ዘመን አድርጎ በሁለት ቅጽ ጽፎታል። ሕግ ደግሞ አንድ መሥመር አይበቃውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ላለው ልዩ እርምጃዎችን ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመትን ይጠይቃል። የአገሪቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሲሆን፣ የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ያደርሰዋል፤ ስለዚህ የ32 ዓመት ሰው በአገሩ ፖሊሲ ወጣትነቱን ጨርሶ በአኅጉሩ ቻርተር ገና ወጣት ነው።

የልደት ምዝገባ በኢትዮጵያ በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ እነዚህ ቁጥሮች የሚገጥሙት ሰው ብዙውን ጊዜ የተወለደበትን ቀን የሚያስረዳ ወረቀት የለውም። ክርክር ሲነሣ ወደ ሐኪም የዕድሜ ግምት ይኬዳል፤ ከመንገዶቹም አንዱ የግራ እጅ አንጓ ራጅ ነው። በልጅነት የእጅ አጥንቶች ጫፍ ከአጥንቱ ግንድ በለጋ አጥንት ተለይቶ ይታያል፤ ዕድሜ ሲጨምር ክፍተቱ እየጠበበ ይገጥማል። ሐኪሙ ምስሉን በዓለም በስፋት ከሚሠራበት የግሮይሊክና የፓይል አትላስ ጋር ያስተያያል፤ አትላሱ የተዘጋጀው ግን ኑሯቸው ከተመቻቸው ከክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ፣ ነጭ ልጆች በተነሡ ራጆች ነው። በምግብ እጥረት ያደገ ልጅ አጥንቱ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ሕግ በአንድ ቀን የሚቆርጠው የ18 ዓመት ወሰን በአጥንት ላይ የአንድ ዓመትና ከዚያም በላይ የሆነ ብዥታ አለው።

ማኅበረሰብ ወሰኑን ከአካልም ከልደት ቀንም ነጥሎ ሊያሰምር እንደሚችል ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው በዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ነው። ኤርትራዊው አንትሮፖሎጂስት አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት እንደተነተነው፣ በቦረና ሥርዓት ወንዶች በአብዛኛው ስምንት ስምንት ዓመት የሚፈጁ እርከኖችን ያልፋሉ፤ በመጀመሪያው እርከን ያሉት ዳባሌዎች ጠጉራቸው ሳይላጭ እንደ ልጃገረድ ይያዛል። ሥርዓቱ የሚጠብቀው ዋና ደንብ ልጅ ከአባቱ በአምስት እርከን፣ ማለትም በ40 ዓመት፣ እንዲርቅ ነው። በመሆኑም አባቱ በስተርጅና የወለደው ልጅ ገና ሕፃን ሳለ የጎልማሶች እርከን ላይ ሊገኝ ይችላል። እዚህ ላይ ደረጃው የሚለካው ትውልድን ነው፤ የልጁን ጥርስና አጥንት አይጠይቅም።

ጉልምስና በዘርፉ ረጅሙና በአንጻሩ በጥቂቱ የተጠና ዘመን ነው። የአጥንት ጥንካሬ በሠላሳ ዓመት ገደማ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ ከአርባ በኋላ የቅርብ ጽሑፍ ማንበብ ያስቸግራል፤ የሴቶች የወር አበባ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ይቋረጣል። በአእምሮ በኩል ግን ቁልቁለቱ አንድ ወጥ አይደለም፤ አዲስ ችግርን በፍጥነት የመፍታት ችሎታ ቀደም ብሎ ሲቀንስ፣ የቃላትና የተጠራቀመ ዕውቀት ሀብት እስከ እርጅና ይዘልቃል። አማርኛ ሽምግልና በሚል አንድ ቃል እርጅናንም ዳኝነትንም መጥራቱ ከዚሁ ጋር ይስማማል፤ ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌም የግድ ጠጉሩ የሸበተ መሆን የለበትም።

እርጅና መጥፋት ብቻ አለመሆኑን ጀርመናዊው ፓውል ባልተስ በፒያኖ ተጫዋቹ በአርቱር ሩቢንሽታይን ምሳሌ ያስረዳል። ሙዚቀኛው በሰማንያ ዓመቱ እንዴት ጥሩ አድርጎ እንደሚጫወት ሲጠየቅ፣ የሚጫወታቸውን ሥራዎች ቁጥር እንደቀነሰ፣ የቀሩትን አብዝቶ እንደሚለማመድ፣ ከፈጣኑ ክፍል በፊት ሆን ብሎ በማዝገም ፈጣኑን ይበልጥ የፈጠነ እንደሚያስመስል ተናግሯል። ባልተስ ይህን መምረጥ፣ ማጎልበትና ማካካስ ብሎ ሰየመው። ከሰማንያ ወዲያ ያለው ዘመን ግን ለዚህም ጠባብ ይሆናል። የኤሪክሰን ባለቤትና የሥራ ተባባሪ ጆን ኤሪክሰን በዘጠናዎቹ ዕድሜዋ ሳለች ስምንቱ ደረጃዎች እንዳልበቁ ተረድታ፣ ኤሪክሰን ስለ ሕይወት ዑደት በጻፈው ሌላ መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የተስፋፋ እትም፣ ዘጠነኛውን ጨመረች። በዚህ ደረጃ ተቃራኒዎቹ ዝንባሌዎች ቦታ ተለዋውጠው አለመተማመን በመተማመን ፊት ተጻፈ፤ ምክንያቱም እግሩ ደረጃ ለመውጣት የሚከዳው አረጋዊ፣ ድክ ድክ ሲል ያመነውን አካል ዳግመኛ ሊጠራጠረው ይገደዳል።