የቀዶ ሐኪሙ የገዛ አኦርታ

እ.ኤ.አ. በ2005 የመጨረሻ ቀን የ97 ዓመቱ ማይክል ደቤኪ ሂውስተን በሚገኘው ቤታቸው ብቻቸውን ሆነው ንግግር እያዘጋጁ ነበር። በድንገት ደረታቸውንና የትከሻቸውን መሃል የሚሰነጥቅ ሕመም ያዛቸው፤ ወደ አንገታቸውም ዘለቀ። ልባቸው በሰከንዶች ውስጥ የሚቆም መሰላቸው። እኚህ ሰው የተሰነጠቀ አኦርታ በመጠገን ፈር የቀደዱ የልብ ቀዶ ሐኪም ናቸው።

አኦርታ ከልብ ወጥቶ ለመላ አካል ደም የሚያከፋፍለው ትልቁ ደም ወሳጅ ቧንቧ ነው። ግድግዳው ሦስት ንብርብር አለው። ውስጠኛው ሲቀደድ ደሙ በንብርብሮቹ መሃል እየሰረገ ሁለተኛ፣ ሐሰተኛ መተላለፊያ ይከፍታል። ዋናው አጋላጭ ከፍተኛ የደም ግፊት ነው። ስንጥቁ ከልብ በሚወጣው ክፍል ላይ ከሆነ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው።

አስቸጋሪው ነገር ሕመሙ ሃርት አታክ መምሰሉ ነው። አሜሪካዊው ተዋናይ ጆን ሪተር በ2003 በዚሁ በሽታ ሲሞት መጀመሪያ የታከመው ለሃርት አታክ ነበር። ለሃርት አታክ የሚሰጡት ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች ደግሞ እዚህ መድማትን ሊያባብሱ ይችላሉ።

ሁለቱን ለመለየት ሐኪሞች በብዛት የሚተማመኑት በሲቲ ስካን ነው። ደሙን በምስሉ ላይ የሚያጎላ፣ አዮዲን ያለበት ኮንትራስት የተባለ ፈሳሽ በክንድ ደም ሥር ይሰጣል፤ አኦርታ ሲደርስ ማሽኑ በሰከንዶች ውስጥ ደረትንና ሆድን ይቃኛል። ነጭ ሆኖ በሚታየው ደም መሃል ቀጭን ጠቆር ያለ መስመር ከታየ፣ እውነተኛውን መተላለፊያ ከሐሰተኛው የሚለየው የተቀደደው ሽፋን ነው። ልብ አጠገብ ያለው አኦርታ ግን በየምቱ ስለሚንቀሳቀስ ምስሉ ይደበዝዝና ጤነኛውን ቧንቧ የተሰነጠቀ ያስመስለዋል። ለዚህም ነው ቀረጻው የልብ ምትን ከሚመዘግበው ኢሲጂ ጋር ተናቦ የሚነሳው።

ድንገተኛና ቀዳጅ የደረት ወይም የጀርባ ሕመም የያዘው ሰው ቤቱ አይጠብቅ። የደም ግፊት ካለበት፣ ከቤተሰቡም አኦርታው የተሰነጠቀበት ካለ፣ ድንገተኛ ክፍል እንደደረሰ ይናገር።

ደቤኪ ከቀናት በኋላ ሲቲ ስካን ሲነሱ ስንጥቁ ተገኘ። የተመደበውም እሳቸው ራሳቸው ከዓመታት በፊት ባወጡት አከፋፈል፣ ሁለተኛው ዓይነት፣ ማለትም ከልብ በሚወጣው ክፍል ብቻ የተወሰነ ተብሎ ነው። መጀመሪያ ሆስፒታል አልተኛም አሉ። ስፋቱ 5.2 ሴንቲ ሜትር የነበረው አኦርታ እስከ ፌብሩዋሪ 9 ድረስ 7.5 ሆነ። ያን ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ በፈጀ ቀዶ ሕክምና የተጎዳው ክፍል ዳክሮን ከተባለ ሰው ሠራሽ ጨርቅ በተሠራ ቧንቧ ተተካ፤ ይህም እሳቸው ያስለመዱት ዘዴ ነው። ከወራት የሆስፒታል ቆይታ በኋላ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ያረፉትም በ2008፣ 100 ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ወር ገደማ ሲቀራቸው ነው።