ከልጃችን ጋራ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ያሳለፍናት ሌሊት

ዓሣ ማጥመድ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው እያሉ የሚንቁት ብዙዎች ናቸው። እኛም እስካለፈው ሚያዝያ ወር ድረስ ከነዚሁ ወገን ነበርን። ቀኑን ሙሉ በወረቀትና በማኅተም መካከል የሚውል ሰው፥ በዕረፍቱ ቀን ከውሃ ዳር ተጐልቶ አንዲት ቡሽ ሲመለከት የሚያድርበት ምክንያት አይታየንም ነበር። ነገር ግን የባለቤታችን ወንድም ይህን ጨዋታ አጥብቀው ከሚወዱት አንዱ ስለ ሆነ፥ ልጃችንን ይዘን ወደ ዝዋይ እንድንወርድና አንዲት ሌሊት አብረነው እንድናድር ደጋግሞ ለመነን። በመጨረሻም እሺ ያልነው ዓሣውን ወደን ሳይሆን፥ በቤታችን ውስጥ የነበረው ነገር ስለ ከበደን ነው።

ነገሩም እንዲህ ነው። ልጃችን የ14 ዓመት ልጅ ነው። እስከ 11 ዓመቱ ድረስ በትምህርቱ የሚመሰገን ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እያዘቀዘቀ ሄደ። ከጥቁር ሰሌዳ የሚገለብጠው ጽሑፍ ግማሹ የጐደለ፥ ግማሹም የተሳሳተ ሆኖ እናገኘው ነበር። አስተማሪዎቹ ልቡ ከክፍሉ ውስጥ የለም አሉን፤ እኛም ሰነፍ አልነው። መጀመሪያ በምክር፥ ኋላም በቍጣ፥ እውነቱን ለመናገር አንድ ጊዜ በአርጩሜ ሞከርነው። እርሱም መልስ መስጠትን ተወ። በማዕድ ላይ ተቀምጠን ከብርጭቆና ከሳሕን ድምፅ በቀር ሌላ የማይሰማበት ቀን በዛ። እናቱም አጎቱ ዘንድ ሄዶ ቢማር ይሻላል የሚል አሳብ አቀረበች፤ እኛም ልንስማማ ጥቂት ቀርቶን ነበር።

ዝዋይ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኝ ሐይቅ ነው፤ በዳሩ ያለችው ከተማም ዛሬ ባቱ ትባላለች። ከመቂና ከቀታር ወንዞች የሚቀበለውን ውሃ በቡልቡላ በኩል ወደ አብያታ ይሰዳል። አምስት ደሴቶች አሉበት፤ ከነርሱም ትልቁ የደብረ ጽዮን ገዳም ያለበት ቱሉ ጉዶ ነው። ሐይቁ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ በጠለቀበት ስፍራ እንኳ 9 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህም የሚያዝያ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ስታሞቀው ውላ፥ ማታ እጃችንን ብናጠልቅበት ለብ ያለ ሆኖ አገኘነው።

የመጣንበት ዓሣ ካርፕ የሚባለው ነው። የዝዋይ ነባር ዓሣ ቆሮሶ ሲሆን፥ ካርፕ ግን ከሌላ አገር መጥቶ በሐይቁ የገባ እንግዳ ነው። እንግድነቱንም የረሳ ይመስላል፤ ከታች ጭቃውን በአፉ እየቈፈረ ትልና ቀንድ አውጣ ይለቅማል፥ ውሃውንም ያደፈርሳል። በከንፈሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጢም አለው፤ በጨለማ ምግቡን የሚዳስሰው በነዚህ ነው። በአፉ ውስጥ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው በጕሮሮው ነው። ጨጓራ የሚባል ነገር ስላልተፈጠረለትም ጥቂት ጥቂት እያለ አዘውትሮ ይበላል። በሞቃት ወራት ቀን ከሰው ሸሽቶ ይውልና፥ ሲመሽ ወደ ዳር ወደ ሣሩ ይጠጋል። ካርፕ ወዳዶች ሌሊቱን የሚመርጡት ስለዚህ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አጎትዬው ከቤት ያመጣውን የበቆሎ ንፍሮ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውሃው በተነ። ከዚያም በሦስት ዘንጎች መንጠቆ ላይ ሁለት ሁለት ፍሬ በቆሎ ሰክቶ ወረወረ። በየቡሹም ጫፍ ላይ በጨለማ አረንጓዴ ሆና የምታበራ፥ ከክብሪት እንጨት የማትበልጥ ነገር ሰካበት። አንዳንድ ዘንግ ለየራሳችን ደረሰን፤ መብራቷ ከውሃው በታች የሰጠመችበት ሰው ዘንጉን እንዲያነሣ ታዘዝን። የተቀመጥነውም በሣሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውሃው ገባ ባለው የድንጋይ የጀልባ መቆሚያ ላይ ነበር፤ ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ስለሚወጣ፥ የአገሩ ዓሣ አጥማጆች በዳር መቀመጥን አጥብቀው ይከለክላሉ።

ሌላው ትእዛዝ ዝምታ ነበር። ካርፕ በውስጡ ያለውን የአየር ከረጢት ከጆሮው ጋራ የሚያገናኙ ጥቃቅን አጥንቶች ስላሉት አጥርቶ ይሰማል፤ በጎኑ ባለው ስስ መሥመርም የውሃውን ንቅናቄ ያውቃል። ድንጋይ ላይ የሚረግጥ ጫማ ለእርሱ እንደ ነጋሪት ነው።

እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ድረስ ምንም አልሆነም። ወባ ትንኝን በነጠላችን እየተከላከልን ተቀመጥን። አጎትዬው በጆሯችን እያንሾካሾከ ስለ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ዎከር ነገረን። ይህ ሰው በመስከረም 3 ቀን 1945 ዓመተ ምሕረት ሌሊት ሬድማየር በምትባል አነስተኛ ኩሬ 44 ፓውንድ፥ ማለት 20 ኪሎ የሚመዝን ካርፕ ያዘ። ዓሣዪቱም ወደ ሎንዶን የአራዊት መኖሪያ ተወስዳ፥ ክላሪሳ የሚል ስም ወጥቶላት ብዙ ዓመት ኖረች። ጃፓኖች ደግሞ ወንድ ልጆቻቸው ብርቱ እንዲሆኑላቸው ሲመኙ በሜይ 5 ቀን በየደጃፋቸው በካርፕ አምሳል የተሰፋ ጨርቅ እንደሚሰቅሉ ጨመረልን። ይህን ሲናገር ልጃችንን በዓይናችን ፈለግነው። ከዘንጉ ኋላ አቀርቅሮ ተቀምጧል።

በዚያው ሰዓት የልጃችን መብራት ጥልቅ አለች። እርሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። መብራቷ ተመልሳ ወጣች፤ ዓሣው በቆሎውን ወስዶ ሄዷል። ጥቂት ቆይታ እንደገና ሰጠመች፤ አሁንም ዝም አለ።

«ተኝተሃል?» አልነው።

«አልተኛሁም አባባ።»

የዘወትሩ ቃል ከአፋችን ሊወጣ ሲል፥ አጎትዬው ጣቱን በከንፈሩ ላይ አድርጎ ውሃውን አመለከተን። በቤታችን ብንሆን ኖሮ ያን ቃል እንናገረው ነበር። በዚያ ስፍራ ግን ቍጣችንን ውጠን ዝም አልን። መቈጣት በተከለከልንበት ጊዜ የቀረን ሥራ ልጁን መመልከት ብቻ ሆነ። እስከዚያች ሌሊት ድረስ፥ ሳንናገረው ይህን ያህል ጊዜ ተመልክተነው አናውቅም።

መብራቷን አያይም ነበር። ፊቱ ወደ ውሃው ቢሆንም ዓይኑን ጨፍኗል። ንፍሮውን ራሱ አድሶ ከወረወረ በኋላ፥ ክሩን ከዘንጉ ፊት በጣቱ ላይ አሳልፎ፥ የታመመ ሰው የደም ሥር እንደሚዳስስ ሐኪም ሆኖ ተቀመጠ። ከሩቅ ጉማሬ አጓራ፤ እርሱ ግን አልደነገጠም።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን መብራቷ ገና ሳትነቃነቅ ዘንጉን አነሣ። ዘንጉም እንደ ቀስት ጐበጠ። ዓሣው ወደ ጥልቁ ሲሮጥ ክሩን እየለቀቀ፥ ሲደክም እየሰበሰበ፥ ሩብ ሰዓት ያህል ታገለው። አጎትዬው በመረብ አወጣው፤ ተመዝኖም 4 ኪሎ ሆነ። ቅርፊቱ እንደ ናስ ሳንቲም ነበር።

«መብራቷ ሳትሰጥም እንዴት ዐወቅህ?» አልነው።

«በጣቴ ነው። መብራቷን አላያትም።»

«የትኛዋን?»

«ሦስቱንም። አጎቴ ሲያስቀምጣቸው ስላየሁ መኖራቸውን ዐውቃለሁ እንጂ፥ እንዳሉ አላያቸውም።»

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅነው። ቁመቱ ረዝሞ ወደ ኋላ ወንበር ካዛወሩት ጀምሮ ሰሌዳው ነጭ ጭጋግ ብቻ እንደሚሆንበት ነገረን። ያውም 11 ዓመት ሲሆነው ነው። ስለ ምን አልነገርከንም ስንለው ብዙ ጊዜ ዝም አለና፥ «መጀመሪያ ሰው ሁሉ እንዲሁ የሚያይ መስሎኝ ነበር። ኋላም ሰነፍ ከተባልሁ በኋላ ማመካኛ ይመስላል ብዬ ተውሁት» አለ።

አጎትዬው ዘንጎቹን የሚያስተካክል መስሎ ጀርባውን አዞረ። እኛም መልስ አልነበረንም። በነጠላችን ጫፍ የልጁን እርጥብ እጅ አደረቅንለት።

ሲነጋ አባ ኮዳዎችና ፔሊካኖች በዳር ተሰበሰቡ። ሌሊት የውሃ ሣር የሚተነፍሰው አየር ከውሃው ስለሚቀንስ፥ ጎሕ ሲቀድ ዓሦች በጥልቀት የለሹ ስፍራ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ይታያሉ። ደሴቶቹ ከውሃው ላይ እንደ ተቀመጡ ዝሆኖች ተገለጡ። ልጃችንን ስንት ናቸው አልነው፤ ውሃና ሰማይ ብቻ ነው የሚታየኝ አለ።

የዓይን ሐኪሙ የነገረንን እዚህ ላይ ብንጽፍ ልጅ ላለው ሁሉ ይጠቅማል። የዓይኑ ብሌን ከልክ ይልቅ ወደ ኋላ የረዘመበት ልጅ የሩቁ ነገር ይደበዝዝበታል፤ የቅርቡን ግን አጥርቶ ያነባል። ስለዚህ በቤት መጽሐፍ ሲያነብ የሚያየው አባት ዓይኑ ደኅና ነው ብሎ ይሳሳታል፤ እኛ የተሳሳትነውም በዚሁ ነው። ደኃ ቢሆን ሀብታም፥ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው በትምህርት ዘመን ነው። ዓይኑን አጥብቦ የሚመለከት፥ ወደ ሥዕል መስኮት የሚጠጋ፥ ራሱን የሚያመው ልጅ ከመቈጣት አስቀድሞ ለሐኪም ይታይ።

ዓሣውን እናቱ ጠበሰችው። ካርፕ በሥጋው መካከል እንደ መርፌ የቀጠነ አጥንት ስለሚበዛበት፥ ለሕፃናት ከመስጠት በፊት ጎንና ጎኑን በስለት ጠጋ ጠጋ አድርጎ ተልትሎ በሞቀ ዘይት መጥበስ ይገባል። ጣዕሙ ከቆሮሶ ያንሳል፤ ባለቤታችን ግን ከዚህ የተለየ ፍርድ ሰጥታለች።

በግንቦት ወር እንደገና ወደ ዝዋይ ወረድን። ልጃችን መነጽሩን አድርጎ ከፊት ወንበር ተቀመጠ፤ ከሞጆ ጀምሮም በመንገድ ዳር ያለውን ሰሌዳ ሁሉ፥ የሆቴሉን፥ የጋራዡን፥ የዳቦ ቤቱን፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብብልን ጀመር። መቂ ስንደርስ አጎትዬው ራሱን አመመውና፥ ዝም እንድናሰኘው በመስተዋቱ ውስጥ በዓይኑ ለመነን። እኛ ግን ወደ መስኮቱ ዞር ብለን፥ ቀጥሎ ያለው ሰሌዳ ምን እንደሚል ልጃችንን ጠየቅነው።