የተመለሰ ረቂቅም ሰነድ ነው

የቤተ መዛግብት ባለሙያ ዕለት ተዕለት የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፤ የቱ ወረቀት ይቀመጥ፣ የቱ ይወገድ? ለታተመ መጽሐፍ መልሱ አያስቸግርም። ቅጂው በየቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ ስለተበተነ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል። አሳታሚ አንብቦ «አንፈልገውም» ብሎ የመለሰው ረቂቅ ግን ጠበቃ የለውም። ደራሲው ያዝንበታል ወይም ይረሳዋል፤ አሳታሚው ገንዘብ ስላላስገባለት ፋይሉን ለማስወገድ አያመነታም፤ ወራሾችም ከአሮጌ ደረሰኝና ጋዜጣ ጋር ቀላቅለው ይጥሉታል። ይህ ልማድ ስህተት ነው እላለሁ። ያልታተመ ሥራ፣ የታተመውን ያህል፣ የተጻፈበት ዘመን ምስክር ነው። ይህንን ለሙያችን በግልጽ ካሳዩት ሰዎች መካከል ደግሞ ማንም ሳይከፍላቸው አንድን የጠፋ የስለላ ልብወለድ ለዓመታት ሲከታተሉ የኖሩ አንባቢዎች ይገኛሉ።

ጉዳዩ «ፐር ፋይን አውንስ» የተባለው የጄምስ ቦንድ ልብወለድ ነው (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲው ጄፍሪ ጄንኪንስ በ1920 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተወለደ ጋዜጠኛ ሲሆን፣ ለንደን ሲሠራ የቦንድ ፈጣሪ የኢያን ፍሌሚንግ ባልደረባና ወዳጅ ሆነ። በ1959 ያወጣው «ኤ ትዊስት ኦፍ ሳንድ» የተባለው የባሕር ጀብዱ ስሙን አስጠራው፤ በ1968ም ፊልም ተሠራበት። ጄንኪንስ እንደተናገረው፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ቦንድን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስድ ታሪክ ከፍሌሚንግ ጋር መክሮበት፣ አጭር ንድፍም ጽፎለት ነበር። የፍሌሚንግ ሐሳብም በዚያን ጊዜ ከአፍሪካ ማዕድን አልራቀም። በ1956 ስለ አልማዝ ዝውውር «ዳይመንድስ አር ፎርኤቨር» የተባለውን ልብወለድ፣ በ1957 ደግሞ «ዘ ዳይመንድ ስመግለርስ» የተባለውን እውነተኛ ዘገባ አሳትሟል። ፍሌሚንግ በነሐሴ 1964 ሲሞት የመጻሕፍቱን መብት የያዘው ግሊድሮዝ የተባለው ኩባንያ ባለታሪኩን በሌላ ብዕር ለማስቀጠል አሰበ። ጄንኪንስም በኩባንያው ተልእኮ በ1966 ገደማ ልብወለዱን ጻፈ። ኩባንያው አልተቀበለውም። በ1968 ኪንግስሊ ኤሚስ «ሮበርት ማርካም» በሚል የብዕር ስም «ኮሎኔል ሰን»ን አሳተመ፤ ከፍሌሚንግ በኋላ የመጀመሪያው የቦንድ ልብወለድ ተብሎ የሚታወቀውም ይኸው ሆነ። ከጄንኪንስ ረቂቅ መትረፉ የታወቀው 18 ገጽ ብቻ ነው።

የቦንድ አፍቃሪ የሆኑት እነዚያ አንባቢዎች ይህንን ታሪክ ያገጣጠሙት መጽሐፉን አግኝተው አይደለም። በመጽሐፉ ዙሪያ የተረፈውን ወረቀት ተከትለው ነው። የፍሌሚንግን የሕይወት ታሪክ በ1966 ያሳተመው ጆን ፒርሰን ለሥራው ሰነድ ሲሰበስብ ስለ ጄንኪንስ ንድፍ የተገኘው መረጃ አንዱ መነሻ ነበር። ከዚያ በኩባንያውና በደራሲው መካከል ወደነበረው ግንኙነት፣ ከዚያም ደራሲው በ2001 ከሞተ በኋላ ቤተሰቡ ዘንድ ወደ ቀሩት ወረቀቶች ደረሱ። ከ2000 ወዲህ ጄረሚ ደንስ፣ ራሱም ጋዜጠኛና የስለላ ልብወለድ ጸሐፊ የሆነው፣ ለቦንድ አፍቃሪዎች መጽሔት ያዘጋጀው ምርምር ጉዳዩን ከወሬ ወደ ማስረጃ ያሻገረው ትልቁ እርምጃ ነው። እንዲህ ያለው አካሄድ እኛም በሙያችን የምንከተለው ነው። አንድ ሰነድ ሲጠፋ መጀመሪያ የምንጠይቀው ማን ጻፈው፣ ለማን ተላከ፣ ማን መለሰው፣ በማን እጅ አለፈ የሚለውን ነው። ድርጅት ሥራውን ሲሠራ ወረቀት ይወልዳል። ረቂቁ ቢጠፋ እንኳ ውሉ፣ የሸኚው ደብዳቤ ቅጂ፣ የክፍያ ሰነዱ፣ የገምጋሚው አስተያየት በየራሳቸው ፋይል ተበትነው ይቀራሉ። ሁሉም በአንድ እጅ ስለማይቀመጡ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይጠፉም። ለጠፋ መጽሐፍ ፈላጊ ተስፋ የሚሰጠውም ይኸው ነው።

ማስረጃው ሲገኝ ግን ሁሉም እኩል አይመዝንም፤ የፍለጋው ጥራት የሚለካውም እዚህ ላይ ነው። ሥራው ሲሠራ በወቅቱ የተጻፈ ደብዳቤ ወይም ውል አንድ ደረጃ አለው፤ የጻፈው ሰው ወደፊት መርማሪ ይመጣል ብሎ ሳይሆን የዕለቱን ጉዳይ ለመፈጸም ነውና። ከዓመታት በኋላ የተነገረ ትዝታ ሌላ ደረጃ አለው። ሰው ሳይዋሽም ይሳሳታል፤ በተለይ የታዋቂ ወዳጁን ስም ከራሱ ሥራ ጋር ሲያያይዝ ትውስታው ወደሚወደው አቅጣጫ ሊያዘነብል ይችላል። የተረፉት ገጾች ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ናቸው። ስለ ራሳቸው በሙሉ እምነት ይናገራሉ፤ ስለጠፋው ክፍል ግን ሊመሰክሩ አይችሉም። በገጾቹ ላይ ቦንድ የሚሠራበት ክፍል እንደተዘጋና ቦንድም ከአለቃው ከኤም ጋር በመርሕ ተጋጭቶ ሥራውን እንደሚለቅ ይታያል። ይህ የመጽሐፉን መነሻ ይነግረናል። ፍጻሜውን ግን አይነግረንም። ስለዚህ በጥንቃቄ መለየት የሚገባው ይህ ነው፦ መጽሐፉ መጻፉ በጽኑ ማስረጃ የቆመ ነው፤ ስለ ደቡብ አፍሪካና ስለ ወርቅ መሆኑም እንዲሁ፤ የፍሌሚንግ ድርሻ ምን ያህል ነበር የሚለው ግን በአብዛኛው በጄንኪንስ ቃል ላይ ይቆማል። እነዚህን ሦስቱን ለይቶ የሚጽፍ አፍቃሪ ከብዙ ባለ ዲግሪ ተመራማሪ የተሻለ መዝገብ ይተዋል።

ይህ ሁሉ ድካም ምን ያስገኛል? በመጀመሪያ የታወቀን ታሪክ ያርማል። «ኮሎኔል ሰን» የመጀመሪያው የታተመ ተተኪ ነው እንጂ የመጀመሪያው የተሞከረ ተተኪ አይደለም። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ኩባንያው ፈጣሪው በሞተ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ መንገድ ሞክሮ፣ ትቶ፣ ወደ ሌላ መዞሩን ያሳያል። ሁለተኛ፣ የተመለሰው ሥራ ዘመኑን ያስነብባል። በ1966 የወርቅ ዋጋ በብሬተን ዉድስ ስምምነት መሠረት በአንድ አውንስ ንጹሕ ወርቅ 35 ዶላር ታስሮ ነበር፤ የልብወለዱ ርእስም የተወሰደው ከዚሁ የገበያ አነጋገር ነው። ደቡብ አፍሪካ የዓለም ትልቋ ወርቅ አምራች ነበረች፤ በ1961 ከኮመንዌልዝ ወጥታ በአፓርታይድ ምክንያት ከአብዛኛው ዓለም ጋር ተጋጭታለች። አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ደራሲ የእንግሊዝን ታዋቂ ሰላይ ወደዚች አገር ወርቅ ሲልከው በዘመኑ ትልቅ የገንዘብና የፖለቲካ ጥያቄ መሐል እያስገባው ነው። የታተሙትን መጻሕፍት ብቻ የሚያነብ የታሪክ ጸሐፊ ይህንን ሙከራ ጨርሶ አያየውም።

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፤ ረቂቁ የተመለሰው ደካማ ስለሆነ ቢሆንስ? ደካማ ሥራ ፍለጋ ዓመታት ማጥፋት ምን ፍሬ አለው? መልሴ ቤተ መዛግብት በውበት አይመርጥም የሚል ነው። አሳታሚ የሚጠይቀው «ይሸጣል ወይ?» ነው፤ ሃያሲ የሚጠይቀው «ያምራል ወይ?» ነው፤ የእኛ ጥያቄ «ምን ተደረገ?» የሚል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ሦስተኛውን አይመልሱም። በተጨማሪም የዛሬ ውድቅ የነገ ምንጭ መሆኑን የዚሁ የቦንድ ዓለም ታሪክ ይመሰክራል። ፍሌሚንግ ለቴሌቪዥን ብሎ ጽፎት ያልተሠራ ንድፍ፣ «መርደር ኦን ዊልስ»፣ አንቶኒ ሆሮዊትዝ በ2015 ላወጣው «ትሪገር ሞርቲስ» መነሻ ሆኗል። ዶናልድ ዌስትሌክ በ1990ዎቹ ለቦንድ ፊልም ብሎ ያፈለቀው፣ ፊልም ሳይሆን የቀረው ሐሳብም ወደ ልብወለድ ተለውጦ፣ ደራሲው በ2008 ከሞተ በኋላ፣ በ2017 «ፎርኤቨር ኤንድ ኤ ዴዝ» ተብሎ ታትሟል። ሁለቱም የተረፉት አንድ ሰው ወረቀቱን ሳይጥለው ስለቆየ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመብት ይነሳል። ደራሲው አልታተመም ብሎ የተወውን፣ ባለመብቱም ያልፈቀደውን ሥራ አፍቃሪዎች ማሳደዳቸው ድንበር መጣስ አይደለምን? ተቃውሞው እውነት አለው፤ መልሱም መለየት ነው። ስለ አንድ ሥራ መኖር ማወቅና ጽሑፉን ማሰራጨት የተለያዩ ናቸው። በጄንኪንስ ጉዳይ ቃላቱ የወራሾቹ፣ ባለታሪኩ ደግሞ የፍሌሚንግ ኩባንያ ነው፤ ሁለት መብት አንድ ገጽ ላይ ተገናኝተዋል። ስለዚህ ነው በ2014 ፒተር ቮልመር የተባለ ጸሐፊ በዚሁ ርእስ ልብወለድ ሲያወጣ ባለታሪኩ ቦንድ ያልሆነው። ቦታውን የያዘው የጄንኪንስ የራሱ ፍጥረት የሆነው የባሕር ኃይል መኮንን ጄፍሪ ፒስ ነው። ያ አዲስ መጽሐፍ ነው፤ የጠፋውን አይተካም፣ ተካሁ ማለትም የለበትም። አፍቃሪው ስለ ውል፣ ስለ ቀን፣ ስለ ውሳኔ መመርመር ይችላል፤ ገጾቹን ለማሳየት ግን የባለቤቱን ፈቃድ መጠበቅ አለበት። ቤተ መዛግብትም የሚሠሩት እንደዚሁ ነው፤ መኖሩን በካታሎግ ይገልጻሉ፣ ማንበብን በስምምነት ይፈቅዳሉ፣ ማሳተምን ለባለመብቱ ይተዋሉ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሙያ ባልደረቦቼ የሚመጣ ነው። አፍቃሪ ለሚወደው ነገር ያደላል፤ ክፍተት ሲያይ በምኞት ይሞላዋል ይላሉ። አደጋው አለ። በቦንድ ዙሪያም በ1985 ጂም ሃትፊልድ የተባለ አሜሪካዊ ያለ ባለመብቶቹ ፈቃድ «ዘ ኪሊንግ ዞን» የተባለ ልብወለድ አውጥቷል፤ እንዲህ ያለ ሥራ በመጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ከገባ፣ በኋላ የሚመጣውን ተመራማሪ ሁሉ ያደናግራል። ነገር ግን ማስረጃው ራሱ የሚያሳየው መድኃኒቱ ከአፍቃሪዎቹ መካከል እንደሚገኝ ነው። እያንዳንዱን ቀለም፣ እያንዳንዱን እትም የሚያውቅ ማኅበረሰብ ሐሰትን ለመያዝ ከማንም በላይ ዓይን አለው። ፍቅር የሚያጠፋው መመዘኛ ሲያጣ ብቻ ነው፤ መመዘኛ ሲኖረው ደመወዝ የማይገዛውን ትዕግሥት ይሰጣል። የባለሙያው ድርሻ እነዚህን ሰዎች ከበር መመለስ ሳይሆን ምንጭን መጥቀስ፣ ቀንን መመዝገብ፣ ግምትን ከተረጋገጠ ነገር በግልጽ መለየት ማስተማር ነው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በማሞ ውድነህ ትርጉሞች የስለላ ታሪክን የለመደ የአማርኛ አንባቢ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ዕጣ ያውቃል። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን ተረፈ፤ አስቀድሞ ገዝተው የሸሸጉት አንባቢዎች ነበሩና። መንግሥት በታተመ መጽሐፍ ላይ ያልቻለውን፣ ባልታተመ ረቂቅ ላይ የአንድ መሳቢያ መጽዳት ይችለዋል። ይህ ንጽጽር የሚያስተምረው፣ ቅጂ ብዛት ከየትኛውም ጥበቃ የሚበልጥ ዋስትና መሆኑን ነው። በአገራችን በሳንሱር፣ በወረቀት እጥረት፣ በደራሲ ስደት ወይም ሞት ምክንያት ሳይታተሙ የቀሩ ሥራዎች አንድ ቅጂ ብቻ ይዘው በቤተሰብ ሳጥን ውስጥ አሉ። አብዛኛው ብሔራዊ የመጽሐፍ ክምችት የሚሞላው በታተመው ነው፤ ያልታተመው ግን ብዙ ጊዜ የሚገባው ሰው አምጥቶ ሲሰጥ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚቻል ነገር ነው። አሳታሚ ረቂቅ ሲመልስ ቢያንስ የመለሰበትን ደብዳቤ፣ የገምጋሚውን አስተያየት፣ ውሉን ከነቀኑ ያስቀምጥ፤ ፋይሉን ለማስወገድ ሲወስንም አስቀድሞ ለደራሲው ወይም ለቤተ መዛግብት ያሳውቅ። ወራሾች የደራሲ ወረቀት ሲለዩ «አልታተመም» የሚለውን የመጣያ ምክንያት አያድርጉት፤ ሳይነጣጥሉ፣ ቅደም ተከተሉን ሳያፈርሱ ለሚጠብቅ ይስጡ። አፍቃሪዎች ያገኙትን ምንጭ ጠቅሰው ይመዝግቡ፣ ቅጂውንም ቋሚ ተቋም ዘንድ ያኑሩ፤ የአንድ ሰው ኮምፒውተር ከአንድ መሳቢያ አይሻልም። የቤተ መዛግብት ሰዎችም ያልታተመን ሥራ በካታሎጋችን ውስጥ በስሙ እናስፍር። የ«ፐር ፋይን አውንስ» ፈላጊዎች ሙሉውን መጽሐፍ ባያገኙም ድካማቸው ከንቱ አልሆነም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተወሰነን ውሳኔ ከነዘመኑ መልሰው አሳይተውናል። ቀሪው ሥራ፣ ወደፊት የሚመጣ ፈላጊ ከ18 ገጽ በላይ እንዲያገኝ ዛሬ ማስቀመጥ፣ የእኛ ኃላፊነት ነው።