አስከሬን የሌለበት ልቅሶ፦ የወታደር መርዶና የተዝካር ቀን በዋግ ኽምራ

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በሰቆጣም ሆነ በጽጽቃ ዙሪያ፣ ልጁ በውትድርና የሞተበት ቤተሰብ ደጃፍ ላይ ሬሳ ሳይሆን መርዶ ሊደርስ ይችላል። ይህ ጽሑፍ መርዶው ሲዘገይ ወይም ሳይመጣ ሲቀር የመታሰቢያው ሥርዓት ምን እንደሚገጥመው ያብራራል።

አካባቢው ለጥያቄው እንግዳ አይደለም። ኢሕዴን በ1973 ዓ.ም. የተመሠረተው በዋግ ምድር ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ደግሞ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ይጠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኤርትራ ጦርነት (1990–1992 ዓ.ም.) መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ ሰቆጣ ከተማ ድረስ ገባ።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያውና ሙት ዓመቱ የሚቆጠሩት ከዕለተ ሞት ተነሥቶ ነው። የወታደሩ ዕለተ ሞት ካልታወቀ ግን ቆጠራው መነሻ ያጣል። ቤተሰቡም መርዶ የሰማበትን ማለዳ እንደ ሞቱ ቀን ይይዘዋል። ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ የሚመጡት ጎረቤት ወደ ሥራው ሳይበተን ለመድረስ፣ እናትም ብቻዋን እንዳትረዳ ነው። በልቅሶው ላይ በአስከሬኑ ፈንታ ልብሱና ፎቶግራፉ ይወጣሉ።

እዚህ ላይ የስም ነገር ይነሣል። የጦሩ መዝገብ የሚያውቀው ሟቹን ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር ነው፤ ካህኑ በጸሎቱ የሚጠራው ግን የክርስትና ስሙን ነው። ይህን ስም ከቤተሰቡና ከንስሐ አባቱ በቀር የሚያውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ የደብዳቤው ሟችና የጸሎቱ ሟች አንድ ሰው የሚሆኑት በቤተሰቡ ምስክርነት ነው። የሐዘን ጥናት ይህን ሥራ ብዙም ልብ ብሎታል አልልም።

መርዶ ጨርሶ ካልመጣ ነገሩ ይከብዳል። ሳይረዱ ማልቀስ ማሟረት ነውና። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 154 ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲታወጅ ለመጠየቅ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በኋላ የጋብቻና የውርስ ጉዳይ መፍትሔ ያገኛል። ሆኖም አቤቱታውን ማቅረብ በወላጅ ዓይን የገዛ ልጅን መርዶ እንደመናገር ነው። ለሚስቱ መብት የሆነው ወረቀት ለእናቱ ሟርት ይሆናል፤ ሁለቱ በአንድ ግቢ ሲኖሩ ደግሞ ጠቡ አይቀርም።

ሌላው መንገድ የጋራ መርዶ ነው። ኤርትራ በሰኔ 1995 ዓ.ም.፣ የዋግ ጎረቤት የሆነችው ትግራይ ደግሞ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የተሰዉ ተዋጊዎችን መርዶ በይፋ አስነግረዋል፤ በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ነበር። ይህ የጥበቃውን ጊዜ ያሳጥራል፤ ለሁሉም አንድ የልቅሶ ቀን ቢሰጥም የእያንዳንዱን ዕለተ ሞት ግን አይነግርም።

ለቤተሰቡ የሚላክ ደብዳቤ የሞተበትን ቀንና የተቀበረበትን ስፍራ ቢይዝ፣ ዘግይቶም ቢደርስ ይጠቅማል። በ2014 ዓ.ም. የወደቀ ወታደር ሰባተኛ ዓመት ተዝካሩ የሚወጣው በ2021 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ከደረሰ ቤተሰቡ በመርዶው ቀን ሳይሆን በዕለተ ሞቱ ሊያወጣለት ይችላል።