የወርቅ ጌጥ ዕድሜ በምን ይታወቃል?

አሮጌ ጌጥ ከመሬት በወጣ ጊዜ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። የታሪክ መርማሪ ግን ከዋጋው በፊት «የማን ነበር? መቼስ ተሠራ?» ሲል ይጠይቃል። የእነዚህ የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ከጠፋ፥ ጌጡ ምንም ያኽል ቢያብረቀርቅ በሚዛን የሚሸጥ ወርቅ ከመሆን አያልፍም። መልሱ እንዴት እንደሚገኝ ለመረዳት በእንግሊዝ አገር የተገኘውን የአንድ የአንገት ጌጥ ታሪክ መከተል ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ2019 በዎሪክሸር ክፍለ ሀገር አንድ ሰው የብረት መፈለጊያ መሣሪያውን ይዞ በሜዳ ላይ ሲዘዋወር መሣሪያው ድምፅ ሰጠ። አፈሩን ቢቆፍር በልብ ቅርጽ የተሠራ የወርቅ ጌጥ፥ 75 ቀለበቶች ካሉት የወርቅ ሰንሰለት ጋራ አገኘ። ሁሉም ባንድነት 300 ግራም ያኽል ይመዝናል።

ይህ መሣሪያ በጦርነት ጊዜ ፈንጂ ለመፈለግ ያገለግል ከነበረው ጋራ በአሠራሩ አንድ ነው። በግርጌው ያለው የሽቦ ጥቅልል በኤሌክትሪክ ኃይል የማግኔት መስክ ይፈጥራል፤ ከአፈሩ ሥር ብረታ ብረት ሲኖር መስኩ ይታወካል፤ መሣሪያውም ይጮኻል። ነገር ግን ከሥሩ ያለው የትናንት የጠርሙስ ክዳን ይሁን የንጉሥ ጌጥ፥ የመቼ እንደ ሆነ ሊናገር አይችልም።

ወርቅም ራሱ ዕድሜውን አይናገርም። እንደ ብረት ስለማይዝግ፥ አምስት መቶ ዓመት ተቀብሮ የኖረው ትናንት ከአንጥረኛ እጅ የወጣ ይመስላል። በካርቦን 14 ዕድሜው የሚለካው እንደ እንጨት፥ እንደ አጥንትና እንደ ጨርቅ ያለው፥ ቀድሞ ሕይወት ከነበረው የተገኘ ነገር እንጂ ወርቅ አይደለም። ወርቁን በኤክስሬይ መርምሮ ከምን ያኽል ብርና መዳብ ጋራ እንደተቀላቀለ ማወቅ ይቻላል፤ ይህም አስመስሎ የተሠራውን ለመለየት ይረዳል እንጂ ዓመቱን ቆጥሮ አይሰጥም። ስለዚህ መርማሪው ጌጡን እንደ መጽሐፍ ማንበብ አለበት።

እንግዲህ በዚህ ጌጥ ላይ የሚነበበው ምንድን ነው? በፊቱ ቀይና ነጭ ጽጌረዳ ከሮማን ቅርንጫፍ ጋራ ተጠላልፎ ይታያል። በጀርባው «ኤች» እና «ኬ» የሚባሉት የላቲን ፊደሎች እርስ በርሳቸው ተሳስረዋል። ከዚህም ሌላ በፈረንሳይኛ «ሁልጊዜ» ማለት የሆነው ቃል በጥንት አጻጻፍ ለሁለት ተከፍሎ ተጽፎበታል።

ቀይና ነጩ ጽጌረዳ በ1485 ዙፋን የያዘው የቱዶር ቤተ ሰብ ምልክት ስለ ሆነ፥ ጌጡ ከዚያ ዓመት አይቀድምም። «ኤች» የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ፥ «ኬ» ደግሞ የንግሥት ካትሪን ስም መነሻ ነው ብሎ መገመት ቀላል ነው። ዳሩ ግን ሄንሪ ካገባቸው ስድስት ሴቶች ሦስቱ ካትሪን ይባሉ ነበርና ፊደል ብቻውን አይበቃም። ነገሩን የሚቆርጠው ሮማኑ ነው። የመጀመሪያይቱ ካትሪን የእስፓኝ ነገሥታት የፈርዲናንድና የኢዛቤላ ልጅ ነበረች። ወላጆቿ በ1492 የግራናዳን ከተማ ከያዙ ወዲህ ሮማንን ከምልክታቸው ጨመሩ፤ ግራናዳ ማለት በእስፓኝ ቋንቋ ሮማን ማለት ነውና። የቀሩት ሁለቱ ካትሪኖች እንግሊዛውያን ስለ ነበሩ ሮማኑ የእነርሱ ሊሆን አይችልም።

ሄንሪ ይህችን ካትሪን ያገባት በ1509 ሲሆን፥ ጋብቻው የፈረሰው በ1533 ነው። በዚህ ዓይነት ሰፊው ዘመን እየጠበበ 24 ዓመት ብቻ ቀረ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሊቃውንት ግን በዚህ አላቆሙም። ጌጡ በጥቅምት ወር 1518 በተደረገ የፈረስ ጉግስ ላይ ለመታየት ሳይሠራ እንዳልቀረ ገመቱ። በዓሉም የሁለት ዓመቷ ልዕልት ሜሪ ለስምንት ወሩ የፈረንሳይ አልጋ ወራሽ የታጨችበት ነበር። «ሁልጊዜ» የተባለለት ጋብቻ ከ15 ዓመት በኋላ ፈረሰ፤ ቃሉን ጠብቆ የቆየው ወርቁ ብቻ ነው።

ጌጡ ቀልጦ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልታወቀ ነበር። በእንግሊዝ አገር በ1996 የወጣው ሕግ፥ ከ300 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የወርቅ ወይም የብር ዕቃ ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ እንዲያስታውቅ ያዛል። ሙዚየም ሊገዛው ቢፈልግ ዋጋው ተገምቶ ለአግኚውና ለባለ መሬቱ ይከፈላል። ብሪቲሽ ሙዚየምም ይህን ጌጥ ለመግዛት በ2025 የ3.5 ሚሊዮን ፓውንድ መዋጮ ጠይቋል።

ምልክትን አንብቦ ዘመንን ማወቅ ለእንግሊዝ ጌጥ ብቻ የሚሠራ ዘዴ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና አስቀድሞ ባሠራው ገንዘብ ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት ነበር፤ ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በሠራው ላይ ግን መስቀል ገባ። ስለዚህ ከአፈር የወጣ አንድ ትንሽ የኢዛና ገንዘብ ከለውጡ በፊት ወይም በኋላ መሠራቱ በዚያ ምልክት ይለያል። ምልክቱ በአሸዋ ተፈግፍጎ ከጠፋ ግን ምስክርነቱም አብሮ ይጠፋል።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፥ ጎጆ ሲሠሩ ወይም እርሻ ሲያርሱ እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥምዎ፥ ንጹሕ እንዲሆን ብለው አይፈግፍጉት፤ የተጣመመውንም አያቃኑት። የተገኘበትን ቦታና ጥልቀቱን፥ አብሮት የወጣውንም ገል ወይም አጥንት መዝግበው ይያዙ፤ የጎደለውን ማስረጃ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ይኸው ነውና። ከዚያም ለቅርስ ጠባቂ መሥሪያ ቤት ያስታውቁ። አንጥረኛ ሊነግርዎ የሚችለው ክብደቱን ነው፤ ክብደቱ ደግሞ ከታሪኩ ሁሉ ትንሹ ክፍል ነው።